የአደራ ፈረስ፦ አንዲት ጥያቄና 34 መልስ

አንዲት ሴት በፈረስ ባለቤቶች የኢንተርኔት ቡድናችን ላይ የጻፈችው ጥያቄ አጭር ነበር። ጓሮዋ ሰፊ ነው። አንዲት ያረጀች ባዝራ አለቻት። የተጎዱና የተጣሉ ፈረሶችን የሚሰበስብ ማኅበር፣ የሚወስደው ሰው እስኪገኝ ድረስ አንድ ፈረስ በአደራ ታቆይለት እንደሆነ ጠይቋታል። ፎቶውን ስታይ አንጀቷን በላው። የጎን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እሺ ልትል ነውና ምን ላዘጋጅ ነው ጥያቄው። መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጣል አደረገች። በደንብ ገብስ ካገኘ በወር ውስጥ ሰውነቱ እንደሚመለስ አልጠራጠርም አለች። የመልሶቹን ክር ያስረዘመው ይሄ ነው።

1ኛው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። አመሰገናት፣ ከዚያ ስለ አጥሩ ጠየቃት። የእሾህ ሽቦ መሆኑን ስትነግረው በትህትና ነቅላ እንድትጥለው መከራት። ፈረስ ሲደነግጥ መጀመሪያ ይሮጣል፣ ምን እንደሆነ የሚያጣራው በኋላ ነው። አገሩን ያልለመደ ፈረስ ደግሞ ሌሊት ደንብሮ ሽቦው ውስጥ ሲገባ፣ ጠዋት ቆዳው ተተልትሎ፣ አንዳንዴም ጅማቱ ተበጥሶ ይገኛል። ሽቦ የግድ ከሆነ እሾህ የሌለው ይሁን፣ ከሩቅ እንዲታየውም ነጭ ጨርቅ ይታሰርበት አለ።

2ኛዋ ስለ ወረቀት ብቻ ነው የጻፈችው። አሰልቺ መስሎኝ አልፌው ነበር። ኋላ ተመልሼ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አደራ ስጦታ አይደለም ትላለች። ፈረሱ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ እግሩ ጓሮ ከመርገጡ በፊት በጽሑፍ መስፈር ያለበት ነገር አለ። መኖውን የሚገዛው ማን ነው? ሐኪሙንና ኮቴ ቆራጩን የሚከፍለውስ? ነገሩ ቢከብዳት ማኅበሩ በስንት ቀን መጥቶ ይወስድላታል? መጋለብ ይፈቀዳል? ጎረቤት ቢረግጥ ተጠያቂው ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄዋ ግን ከበድ ይላል። ሌሊት ቁርጠት ይዞት ሐኪሙ ከስቃይ ማሳረፉ ይሻላል ቢል፣ እሺ የማለት ሥልጣን ያለው ማን ነው? እሷ ይህን ሳትጠይቅ ገብታበታለች። ስልክ የሚያነሳ ጠፍቶ፣ ፈረሱ መሬት ላይ ሲንፈራገጥ እስኪነጋ ቆማ አይታለች።

3ኛው ወዳጅነቱ የሚያስታውቅ ሰው ነው። 30 ዓመት ፈረስ እንደያዘ ነገረን። ወረቀት ምናምኑን ትቶ በቀጥታ ወደ ሆድ ገባ። ገብስ፣ አጃ፣ ፉርሽካ፣ ትንሽ ሞላሰስ። በቀን ሁለቴ፣ እስኪበቃው። የራበው ይብላ እንጂ ምን ያወያያል ዓይነት ነገር ነው። ብዙ ሰው ላይክ አደረገው። ጠያቂዋም አመሰገነችው።

ከዚያ 4ኛዋ ገባች። የእንስሳት ሐኪም ናት። ሰላምታ የሚባል ነገር የላትም። የ3ኛውን ምክር የሰማ ሰው በሳምንት ውስጥ ፈረሱን ይቀብራል ብላ ነው የጀመረችው። አነጋገሯ አልጣመኝም። ማብራሪያዋ ግን ጥርት ያለ ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ፈረስ መጀመሪያ የራሱን ስብ፣ ቀጥሎ የራሱን ጡንቻ እየበላ ነው የሚቆየው። ሰውነቱ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ተሟጥጧል። ድንገት እህል ሲገባ ስታርቹ ስኳር ይሆናል፣ ለስኳሩም ኢንሱሊን ይለቀቃል። ኢንሱሊኑ ስኳሩን ወደ ሴሎች ሲያስገባ እነዚያን የተረፉ ማዕድናትም አብሮ ይጠርጋቸዋል። ደሙ ባዶ ይቀራል። ልብ ምቱ ይዛባል፣ ጡንቻ ይዝላል፣ መተንፈስ ያቅተዋል። ሞቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ነው። እስከ 10ኛው ቀን ድረስም ስጋቱ አይጠፋም። የሚያናድደው ደግሞ ሰው ሁሉ መብላት ጀመረ፣ ተረፈ ብሎ በተደሰተበት ሰሞን መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ፈረስ ማስመለስ የማይችል እንስሳ ነው። አንዴ የገባውን መመለሻ የለውም።

5ኛው መልስ የዚያው የ3ኛው ሰውዬ ነው። ተቆጥቷል። ከመጽሐፍ የተማረ ሰው ጋጣ ውስጥ ላረጀ ሰው ስለ ፈረስ አይነግረውም አለ። 6ኛው የሐኪሟ ነው፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። በ30 ዓመት ውስጥ ከያዛቸው ፈረሶች አጥንቱ ብቻ ቀርቶ የመጣለት ስንቱ ነው? ሰውዬው ዝም አለ።

7ኛውን መልስ ያነበብኩት ቆሜ ነው። ጸሐፊው አንዲት የተጣለች ባዝራ ቤቱ ወስዶ ነበር። የደረሰች ማታ ልጆቹ ባልዲ ሙሉ አጃ አቀረቡላት። ጭንቅላቷን ከባልዲው አላነሳችም። በማግስቱ ጆሮዋ ቀና አለ። በ3ኛው ቀን ልጆቹ ሲመጡ አሽካካች፣ ቤቱ በደስታ ተሞላ። በ4ኛው ቀን ጠዋት ትከሻዋና ጭኗ ላይ ቆዳዋ ይርገበገብ ነበር። ዝንብ መስሎት በእጁ አበረረላት። ዝንብ የለም። ከሰዓት በኋላ ጉልበቷ ከዳት። ባልዲው ግማሹ አጃ እንዳለበት ከአጠገቧ ነበር። ባልዲውን እስከዛሬ እንዳልጣለው፣ ውሃም እንደማይቀዳበት ጽፎ አቆመ። ከዚህ በኋላ ለረጅም ሰዓት ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረው 8ኛው ነው፣ ቁጥር ይዞ መጣ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተራቡ ፈረሶችን በሦስት ዓይነት መኖ ከፋፍለው አወዳድረዋል። አንዱ አልፋልፋ የሚባለው የመኖ ተክል ድርቆሽ፣ አንዱ የአጃ ድርቆሽ፣ አንዱ የአጃ ድርቆሽ ከበቆሎ ዘይት ጋር። አልፋልፋው በለጠ። ስታርቹ ዝቅተኛ ነው፣ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ ፎስፈረስና ማግኒዚየምም አለው። በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ግማሽ ኪሎ ገደማ በየ4 ሰዓቱ። ከ4ኛው ቀን ጀምሮ መጠኑ ቀስ እያለ ይጨምራል፣ የምግቡም ሰዓት እየተራራቀ ይሄዳል። ከ10 ቀን በኋላ ነው እንደልቡ የሚባለው። እህል ገና ነው። ሙሉ ሰውነቱ እስኪመለስ ከ3 እስከ 5 ወር ይወስዳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ፣ ለፈረስም ይሠራል።

ጠያቂዋ በ9ኛው ብቅ ብላ በየ4 ሰዓቱ ማለት ሌሊትም ነው ወይ ብላ ጠየቀች። አዎ ነው። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12፣ ማታ 4፣ ሌሊት 8። ይህን ለሦስት ቀን የሚከፋፈልሽ ሰው ከሌለ እሺ አትበይ የሚል አንድ ኮመንት ነበር፣ ትክክል ነው። አንድ ነገር እኔ ልጨምር። ድካሙ አይደለም የሚከብደው። የራበው እንስሳ ዓይን ዓይንሽን እያየ ድርቆሹ እጅሽ ላይ እያለ መከልከል ነው የሚከብደው። ግማሽ ኪሎ ምንም ማለት አይደለም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ልቅም አድርጎ በልቶ መሬቱን ይልሳል።

10ኛው ሚዛን ለሌለው ሰው ክብደት የሚገመትበትን ስሌት ሰጠ። ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ደረቱን ዙሪያውን በመለኪያ ገመድ ትለኪያለሽ። ያንን በራሱ ታባዢዋለሽ። ከደረቱ ጫፍ እስከ መቀመጫው ያለውን ርዝመት ታባዢበታለሽ። ሁሉም በሴንቲ ሜትር ነው። ውጤቱን ለ11,880 ስታካፍይው ኪሎው ይመጣል። ለከሳ ፈረስ ብዙም አያስተማምንም፣ ግን በየሳምንቱ በአንድ ሰው እጅ ከተለካ መጨመሩንና መቀነሱን ያሳያል።

11ኛዋ ዶን ሄኔክ በ1983 በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ያወጣውን የውፍረት መለኪያ አመጣች። ከ1 እስከ 9 ነው። 1 ቆዳና አጥንት፣ 9 ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ጥሩው መሀል ላይ ነው። አንገት፣ ትከሻ፣ ከትከሻው በላይ ያለው ጉብታ፣ ጎን፣ ጀርባና የጭራ ሥር እየተዳሰሰ ይሰጣል። 12ኛው ፎቶ አይቶ ነጥብ መስጠት ይቻላል አለ። እሷም አይቻልም አለች። ጠጉሩ ረዘም ያለ ፈረስ ከሩቅ ደልደል ያለ ይመስላል፣ እጅ ሲገባበት ግን አጥንት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተነቋቆሩ። እሷ ልክ ናት።

እስካሁን ድረስ ስለ አሮጊቷ ባዝራ ያሰበ ሰው አልነበረም። 13ኛው አሰበ። አዲሱ ፈረስ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ለብቻው ይቆይ አለ። በተለይ የሚፈራው ስትራንግልስ የሚባለው በሽታ ነው። የጉሮሮ እጢ እየመገለ ያብጣል። ተላላፊ ነው፣ በአፍንጫ ፈሳሽ፣ በውሃ ገንዳ፣ በአፍሳር፣ በሰው እጅም ይሄዳል። ከተያዘ ከ3 እስከ 14 ባሉት ቀናት ይወጣል። ዳነ የተባለ ፈረስ እንኳ በሽታው ጉሮሮው ውስጥ ተደብቆ ስለሚቆይ ለወራት ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ባልዲው፣ ብሩሹ፣ አፍሳሩ ለየብቻ። መጀመሪያ ባዝራዋ ትታያለች፣ አዲሱ መጨረሻ። ሙቀቱ በቀን ሁለቴ ይለካ። የጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው፣ ከዚያ ከወጣ ሐኪም ይጠራ። ጠያቂዋ ብቻውን ሆኖ አይጨነቅም ወይ ስትል፣ 15ኛው አዎ ይጨነቃል አለ። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው። እንዲተያዩ ይደረግ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ ግን አይነካኩ።

16ኛው እኔ ነኝ። ሁሉ ስለ ሆዱ ሲያወራ ስለ ፍርሃቱ ማውራት ፈለግሁ። እኔ ቤት የመጣው ቦራ ፈረስ አፍሳሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሳይፈታ ቀርቶ አፍንጫው ላይ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐኪም ነው ቆርጦ ያወጣለት። ከዚያ በኋላ እጅ ሲነሳ ካየ ጥግ ይዞ ጀርባውን ይሰጣል። ለመርገጥ ነው። ምንም አላደረግሁም። ባልዲ ገልብጬ ጋጣው መሀል ጎኔን ሰጥቼው ተቀመጥኩ፣ ስልኬን እየነካካሁ። ዓይን ለዓይን አላየሁትም። በ6ኛው ቀን ማጅራቴ ላይ ትንፋሽ ተሰማኝ። ዞር አላልኩም። ኮፍያዬን ወሰደው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን ፈረስ ከግንባሩ ፊት ለፊትና ከጭራው ኋላ ልክ ያለውን አያይም። በትከሻው በኩል፣ እያወራችሁ ቅረቡ።

17ኛዋ አላመሰገነችኝም። ሰው የሚጠላ የሚመስል ፈረስ ግማሹ ጥርሱን የሚያመው ነው አለች። ድርቆሹን አኝኮ እየጠቀለለ ከአፉ የሚጥል ከሆነ ጥርሱ ይታይ። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ሰፋ ስለሚል፣ ጥርሱ ዳር ዳሩን እየሾለ ጉንጭና ምላስ ይቆርጣል። በሐኪም መሞረድ አለበት። የኔን ቦራ ሳታየው ፈረደችበት ብዬ ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስመረምረው ጥርሱ እውነትም ሹል ነበር። እንዲህ ያለ ሰው አይመቸኝም፣ ግን ያስፈልጋል።

18ኛው ስለ ኮቴ ነው። ረዝሞ የተጠማዘዘ ኮቴ በአንድ ቀን አይስተካከልም፣ እግሩ ያንን አቋም ለምዷል። በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ይቆረጣል።

ከ19 እስከ 23 ያለውን ብትዘሉት አይቆጫችሁም። አንዱ የፋንድያ ነገር አነሳ። አንድ ፈረስ በቀን 20 ኪሎ ገደማ ይጥላል፣ የት ነው የምታደርሺው ብሎ። ከዚያ ፋንድያ ለጓሮ አትክልት ይሻላል፣ የለም አረም ያመጣል፣ ካልበሰበሰ አዎ፣ ከበሰበሰ አይደለም። ቀጥሎ በቅሎ ከፈረስ ብልጥ ናት ወይስ ግትር የሚል ጦርነት ተነሳ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚረባው አንድ ነገር የአህያው ነው። የተጨነቀች አህያ ምግብ ካቆመች፣ የሰውነቷ ስብ ወደ ደም ይለቀቅና ጉበቷን ይጎዳል። ከፈረስ ይልቅ እሷ ናት በዚህ የምትጠቃው። አንድ ቀን አልበላችም ተብሎ አይታለፍም። በ24ኛው አድሚኑ ገብቶ ወደ ነገራችን እንመለስ አለ።

25ኛዋ አሳቀችን። ከሳች ብላ የተቀበለቻት ባዝራ ሆዷ ብቻ አልከሳ ሲላት ትል ነው ብላ መድኃኒት ልትሰጥ ነበር። ደግነቱ ሐኪሙ ቀደማት። ሆዷ ውስጥ ትልም ነበር፣ ግን ውርንጭላም ነበር። ፈረስ 11 ወር ገደማ ነው የምታረግዘው። ከየት እንደመጣች የማይታወቅ ባዝራ ከሆነች ከምንም በፊት ትመርመር አለች። የትሉን ነገር ደግሞ ሐኪሟ አስረግጣ ጨመረችበት። ፋንድያው ሳይመረመር፣ ደካማው ፈረስ ሳያገግም ጠንካራ የትል መድኃኒት አይሰጥም። ትሉ በአንዴ ሞቶ አንጀት ሊዘጋ ይችላል።

27ኛው መልስ የክሩን ጠባይ ቀየረው። ጸሐፊው ማኅበር የሚባል ነገር አይወድም። በሰው ጓሮ፣ በሰው እንቅልፍ ፈረስ ያድናሉ፣ ከዳነ በኋላ መጥተው ይወስዱታል፣ ፎቶ ይነሱበታል አለ። ጠያቂዋን ወይ ፈረሱን የራስሽ አድርጊው፣ ወይ ተይው ብሎ መከራት። ሁለት ሦስት ሰው ልክ ነህ አለው። አንዱም ሰድቦት አድሚኑ ስድቡን አጠፋው።

28ኛዋ ብዙ ፈረሶችን በአደራ አሳልፋለች። ለ27ኛው በቁጣ አልመለሰችለትም። የመጀመሪያውን ፈረስ ሊወስዱባት ሲመጡ መስጠት አቅቷት ራሷ ወሰደችው። ሁለተኛውንም። ከዚያ ቦታው ሞላ። ሦስተኛ ፈረስ ሲደወልላት ቦታ የለኝም ማለት ግድ ሆነባት። ፈረስ 25፣ 30 ዓመት ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ቦታ የለኝም ያለችው ለዚያ ቀን ብቻ አይደለም። አሁን ፈረሱ ሊሄድ ሲል የሚበላበትን ሰዓት፣ የሚፈራውን ነገር፣ የት ሲታከክ እንደሚወድ ወረቀት ላይ ጽፋ ለሚወስደው ሰው ትሰጣለች። መኪናው ሲወጣ ግን ቤት ውስጥ ናት። በር ላይ ቆማ አታውቅም። 27ኛው እንደገና አልጻፈም፣ ላይክ ግን አደረገላት። 29ኛው ማንን ትደግፋላችሁ የሚል ነገር ነበር፣ ማንም አልመለሰለትም።

ከ9 ቀን በኋላ ጠያቂዋ በ30ኛው ተመለሰች። ሽቦው ተነቅሏል፣ በእንጨት ተተክቷል። ወረቀቱ ተፈርሟል። ማኅበሩ የሌሊት ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ ትንሽ አንገራግሮ ነበር፣ ግን ሰጠ። ፈረሱ ከመጣ 5ኛ ቀኑ ነው። ዳማ ነው። አልፋልፋውን በእጅ ሚዛን እየመዘነች፣ ከእህቷ ጋር ሌሊቱን እየተፈራረቁ ነው። 8 ሰዓት ላይ ስትወጣ አሮጊቷ ባዝራ ከወዲያኛው አጥር ታሽካካለች፣ እሱም ቀጠን ባለ ድምፅ ይመልስላታል። ደረቱ ዙሪያ 152፣ ርዝመቱ 148 ነው። አባዝታ አካፍላ 288 ኪሎ አወጣች።

31ኛው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገብሱ ሰውዬ። ከ5ኛው መልስ በኋላ ድምፁ ጠፍቶ የነበረው። አልተከራከረም። በወጣትነቱ አንድ ዳማ ፈረስ ጠፍቶበት፣ ከወራት በኋላ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቆ በራሱ እግር ተመልሶለት ነበር። ደስታው ወሰን አልነበረውም፣ ግርግሙን በገብስ ሞላለት። በ5ኛው ቀን ሞተ። ያኔ እባብ ነክሶት ነው ተባለ፣ እሱም እስከዛሬ እባብ እንደሆነ ነው ሲያወራ የኖረው። ሐኪሟን አንድ ነገር ጠየቃት። ከመውደቁ በፊት ትከሻው ላይ ቆዳው ይርገበገብ ነበር፣ እሱ ነው ወይ አለ።

32ኛው የሐኪሟ ነው። እሱ ነው አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

33ኛው የእጅ ሚዛኑ ስንት ኪሎ ድረስ እንደሚይዝ ጠየቀ። የዚህ ዓይነት ሰው ከየትም አይጠፋም።

34ኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጣ ነው። ጠያቂዋ ናት፣ ስለ ሚዛኑም መለሰችለት፣ 20 ኪሎ ይይዛል። ከዚያ ለገብሱ ሰውዬ በቀጥታ ጻፈችለት። ደረቱ ዙሪያ 154 ሆኗል። 295 ኪሎ።